ካፕስን ዓመት ሠራሁበት፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ኮምፒውተርና ሁለት ፕሪንተር

ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። መብራት ይጠፋል። ይመጣል። ኮምፒውተሮቹ ይነሳሉ፣ ፕሪንተሩም ይሞቅና አረንጓዴውን ያበራል። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ከዚያ ፕሪንት ትላላችሁ፣ ምንም የለም። ትደግማላችሁ፣ አሁንም የለም። ደንበኛው ፍላሹን ይዞ ከኋላችሁ ቆሟል፣ ከእሱ ኋላ ሌላ አለ፣ እናንተ ደግሞ ችግሩ ከገመዱ ይሁን ከፕሪንተሩ ይሁን ከኮምፒውተሩ የምታውቁበት መንገድ የላችሁም። ሦስተኛ ጊዜ ትጫናላችሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሦስቱም ቅጂ ተከታትሎ ይወጣል፣ የሦስት ቅጂ ወረቀትና ቶነር ሄደ ማለት ነው።

እኛ ቤት ይህ ነገር ዓመታት ቆይቷል። ካለፈው ዓመት ጥቅምት ወዲህ ግን የቤታችን ፕሪንት በሙሉ የሚያልፈው ካፕስ በሚባል፣ የሁሉንም ኮምፒውተር ሥራ ተቀብሎ በተራ ለፕሪንተር በሚያስተላልፍ ፕሮግራም ነው። ያቀናበርኩትም ከተርሚናል፣ ከዚያ ጥቁር የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት፣ ትእዛዝ እየጻፍኩ ነው። ዓመት ስለሞላው ያየሁትን ልጻፍ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም።

መጀመሪያ የነበረንን ልንገራችሁ። ሦስት ዊንዶውስ ኮምፒውተር አለን። አንድ በኔትወርክ ገመድ የሚገናኝ ሌዘር ፕሪንተር፣ አንድ ደግሞ አሮጌ የዩኤስቢ ሌዘር። ዩኤስቢው የተሰካው ጸሐፊዋ በምትሠራበት ኮምፒውተር ላይ ነበር፣ ለሌሎቹ ሼር ተደርጎ። እሷ ኮምፒውተሯን ሪስታርት ካደረገች ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። የኔትወርኩ ደግሞ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ለየብቻ ነው የተጫነው፣ ስለዚህ ሦስቱም ኮምፒውተር የየራሱ ወረፋ አለው፣ አንዱ የሌላውን አያይም። ሰኔ ላይ የዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ሲጎርፉ ማን ቀድሞ እንደላከ እንኳ አይታወቅም ነበር። ጭቅጭቁን ተዉት።

ካፕስ ይህንን ሁሉ ወደ አንድ ወረፋ ያመጣል። ሊኑክስ ላይ (በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነው) የሚሠራ የፕሪንት ሰርቨር ነው፣ ነጻ ነው፣ ምንም አይከፈልበትም። ማይክል ስዊት የሚባል ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1997 ነው መሥራት የጀመረው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2002 ለማክ ኮምፒውተሮቹ ወሰደው፣ በ2007 ደግሞ ባለቤትነቱን ገዛው። ስዊት ከአፕል ከወጣ በኋላ አሁን ሥራው ኦፕንፕሪንቲንግ በሚባለው ቡድን በኩል ቀጥሏል። ይህን የምጽፈው ለታሪኩ ብዬ አይደለም። ትናንት የተሠራና ነገ የሚጠፋ ነገር እንዳይመስላችሁ ነው። ሱቃችሁን የምታስደግፉበት ነገር ዕድሜ ሊኖረው ይገባል።

ማሽኑን አልገዛሁም። ጓዳ ተቀምጦ የነበረ፣ ዊንዶውስ የከበደው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩበት፣ ሞኒተር የለውም፣ ኪቦርድ የለውም፣ ጠረጴዛ ስር፣ የኔትወርክ ገመዶቹ ከሚገናኙበት ስዊች አጠገብ ተቀምጧል። ለፕሪንት ብቻ ስለሆነ ያ ማሽን ከበቂ በላይ ነው። ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች፣ ማለትም በኔትወርክ በኩል ትእዛዝ እየጻፍኩ፣ እገባበታለሁ።

ከሁሉ በፊት የሚሠራው የአድራሻው ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ልቆይ። የእኛ ችግር ግማሹ እሱ ነበርና። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ አድራሻ እንደገና ያድላል። ፕሪንተሩ ትናንት መጨረሻው 23 የነበረ አድራሻ ዛሬ 31 ይሆናል። ኮምፒውተሮቹ ግን አሁንም 23ን ነው የሚፈልጉት። ዓመታት ሙሉ «ፕሪንተሩ ተበላሸ» ስንል የነበረው ብዙ ጊዜ ይህ ነው! ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም፣ ቤት ቀይሮ ነው። መፍትሔው ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ መያዝ ነው። የፕሪንተሩን ማክ አድራሻ (ከፋብሪካው የተሰጠውን መለያ ቁጥር) ከራሱ የኔትወርክ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ፣ በፕሪንተሩ በተን የሚወጣ አንድ ወረቀት ነው። እኔ 192.168.1.50 ሰጠሁት፣ ለሰርቨሩ ደግሞ 192.168.1.10። ካፕስን ባትጭኑ እንኳ ይህን ብቻ አድርጉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ እሱን ውሰዱ።

ቀጥሎ ካፕስን መጫን ነው፣ አንድ ትእዛዝ ነው፣ ኢንተርኔት ካለ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። የራሳችሁን ተጠቃሚ ስም ኤልፒአድሚን የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ማስገባት አትርሱ፣ አለዚያ ፕሪንተር መጨመር ይከለክላችኋል።

ከዚያ «ኤልፒኢንፎ ሰረዝ ቪ» ብላችሁ ስትጽፉ ሰርቨሩ የሚያያቸውን ፕሪንተሮች ይዘረዝራል። በገመድ ያለውን፣ በኔትወርክ ያለውን፣ ሁሉንም። ለእኔ የመጀመሪያው ደስታ ይህ ነበር። ማያ ገጹ ላይ የሚሽከረከር ነገር የለም፣ «እባክዎ ይጠብቁ» የለም። አየሁ ይላል ወይም አላየሁም ይላል።

ዋናው ትእዛዝ ኤልፒአድሚን ነው። በቃል ላንብበው፦ ኤልፒአድሚን፣ ሰረዝ ፒ እና ለፕሪንተሩ የምትሰጡት ስም፣ ሰረዝ ኢ በትልቁ፣ ሰረዝ ቪ እና አድራሻው፣ ሰረዝ ኤም ኤቭሪዌር። ስሙን እኔ «ቤት1» አልኩት፣ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት። አድራሻው በአይፒፒ (ኮምፒውተርና ፕሪንተር በኔትወርክ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው) ይጀምራል፣ ከዚያ 192.168.1.50፣ መጨረሻው አይፒፒ ስላሽ ፕሪንት ነው። ኤቭሪዌር ማለት ለዚህ ፕሪንተር የተለየ ድራይቨር አልፈልግም፣ የሚችለውን ፕሪንተሩን ራሱን ጠይቅ ማለት ነው። የቅርብ ጊዜ የኔትወርክ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ይህን ያውቃሉ። ትእዛዙን ስትሰጡ ግን ፕሪንተሩ የበራ መሆን አለበት፣ ካልበራ የሚጠይቀው የለምና ስህተት ይመልስላችኋል።

አሁን የትልቁ ኢ ነገር። እኔ መጀመሪያ ከሰረዝ ፒ በፊት ጻፍኩት። ትእዛዙ ምንም ሳይል አለፈ። ፕሪንተሩ ተጨመረ፣ ስሙም ይታያል፣ ግን የሚላክለትን ሥራ ሁሉ አልቀበልም ይላል። አንድ ከሰዓት በኋላ በዚህ አለቀ። ለካ ያ ፊደል ከስሙ በፊት ሲመጣና ከስሙ በኋላ ሲመጣ ትርጉሙ ይለያያል። ከስሙ በፊት ከሆነ «ከሰርቨሩ ጋር በተመሰጠረ መስመር ተነጋገር» ማለት ነው። ከስሙ በኋላ ከሆነ «ፕሪንተሩን ክፈተው፣ ሥራም ተቀበል» ማለት ነው። አንድ ፊደል ሁለት ሥራ ይዞ ቦታው ሲለወጥ ዝም ማለቱን አልወደድኩለትም። ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ከስሙ በኋላ ጻፉት።

ሁለተኛው ጉድጓድ ወረቀቱ ነው። ሁሉንም በትክክል አድርጌ የመጀመሪያውን ወረቀት ላክሁ። ፕሪንተሩ ተነሳ፣ ሞቀ፣ ቆመ። ብርቱካናማዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ወረቀት አለ። ትሪውን አውጥቼ መለስኩት፣ ወረቀቱን አራግፌ አስተካከልኩት፣ ያው ነው። በኋላ «ኤልፒስታት ሰረዝ ኤል ሰረዝ ፒ» ብዬ ስጠይቅ የሚፈልገው ወረቀት የለም ይለኛል። ዴቢያንን ስጭን ቋንቋውን በአሜሪካ እንግሊዝኛ ነበር ያደረግኩት፣ ስለዚህ ሰርቨሩ የወረቀቱን መጠን ሌተር ብሎ ይዞታል። ሌተር የአሜሪካኖች ወረቀት ነው፣ ከኤ4 ትንሽ ይሰፋል፣ ቁመቱ ደግሞ ያጥራል። እዚህ ሱቅ የምታገኙት ሁሉ ኤ4 ነው። ፕሪንተሩ የሌለ ወረቀት አምጡ እያለ ነው የቆመው። በኤልፒአድሚን ሰረዝ ኦ ፔጅሳይዝ እኩል ይሆናል ኤ4 ብዬ አስያዝኩት፣ ወዲያው አወጣ። ያን ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም።

ለዊንዶውሶቹ ደግሞ መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ «ካፕስሲቲኤል ሰረዝ ሰረዝ ሼር ሰረዝ ፕሪንተርስ» ተባለ። ይህ በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ላሉት ብቻ ይከፍታል። ከዚያ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ፕሪንተር ጨምር ብዬ በስም የሚፈለገውን መርጬ አድራሻውን ጻፍኩ፦ ኤችቲቲፒ፣ 192.168.1.10፣ ሁለት ነጥብ፣ 631፣ ስላሽ ፕሪንተርስ፣ ስላሽ የፕሪንተሩ ስም። 631 የካፕስ በር ቁጥር ነው፣ አስታውሱት። ድራይቨር ምረጥ ሲል አጠቃላይ የሆነውን፣ ፖስትስክሪፕት የሚባለውን ድራይቨር ሰጠሁት። የፕሪንተሩን የራሱን ድራይቨር እዚህ አትስጡ፣ ካፕስ ነው ለፕሪንተሩ የሚተረጉመው፣ ሁለት አስተርጓሚ ሲገባ ነው የሚምታታው። ይህ ክፍል በማውስ የሚሠራ ስለሆነ ብዙ አልልበትም።

ግን ለምን በትእዛዝ? ካፕስ በብራውዘር የሚከፈት ገጽ አለው እኮ፣ እዚያው 631 ላይ። ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ ትጨርሳላችሁ። እኔ በትእዛዝ የመረጥኩበት ምክንያት አንድ ነው። ትእዛዝ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ጠቅታ አይጻፍም። ማሽኑ ቢቃጠል ያንን ወረቀት አይቼ በግማሽ ሰዓት ሌላውን አቆማለሁ፣ ባለሙያ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ አልደውልም፣ 130 ኪሎ ሜትር ሰው አላስመጣም። በስልክም ይነገራል።

የስልኩን ነገር ላውራችሁ። ጥር ላይ ሸዋ ሮቢት ለሠርግ ወርጄ ነበር። ሱቁን የያዘችው የእህቴ ልጅ ናት፣ ኮሌጅ የጨረሰች፣ ግን ሊኑክስ ነክታ አታውቅም። ቅልቅሉ ደርቶ ሳለ ደወለች።

«ጋሼ፣ ፕሪንተሩ እንቢ አለኝ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አዎ፣ አሁን መጣ።»

«ጥቁሩን መስኮት ክፈቺው። ኤል፣ ፒ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኤ፣ ቲ። ክፍተት። ሰረዝ፣ ትንሿ ቲ። ምን ይላል?»

ዝም አለች፣ ከዚያ ፊደል በፊደል ታነብልኝ ጀመር። «ቤት1 ዲሴብልድ ይላል።» በቃ። ገመድ መነካካት የለም፣ ኮምፒውተር ሪስታርት ማድረግ የለም። «ካፕስኢኔብል ብለሽ ስሙን ጻፊበት» አልኳት። ጻፈች። ከስልኩ ውስጥ የፕሪንተሩ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፣ እሷም «ኧረ መጣ መጣ!» አለች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በድሮው መንገድ ቢሆን ሱቁን ዘግታ ነበር የምትጠብቀኝ።

ለምን ዲሴብልድ ሆነ? ካፕስ ፕሪንተሩን ሲያጣው አንዳንዴ ወረፋውን ራሱ ይዘጋዋል፣ ሥራው እንዳይጠፋ ብሎ። ትልቅ ቢሮ ላይ ጥሩ ሊሆን ይችላል። መብራት በሚመላለስበት አገር ግን ያስቸግራል። ከሠርጉ ስመለስ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ፕሪንተር ሰረዝ ኤረር ሰረዝ ፖሊሲ የሚባለውን ወደ ሪትራይ ሰረዝ ጆብ መቀየር ነበር። አሁን ቆይቶ ራሱ ይሞክራል። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጉዳይ አልተደወለልኝም።

ወረፋው ግን ነው ልቤን የያዘው። አንድ ቀን ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የመጡ አንድ አባት ገቡ። በርኖሳቸውን እንደለበሱ ነው፣ ብርዱ የኅዳር ነው። የፍርድ ቤት ማመልከቻ አጽፈው ሦስት ገጽ ነው፣ በሁለት ቅጂ። መኪናቸው ሊሄድባቸው ነው። ወረፋው ላይ ደግሞ አራት ቅጂ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፣ እያንዳንዱ ከመቶ ገጽ በላይ፣ አንዱ ገና መውጣት ጀምሯል። ድሮ ቢሆን ተማሪውን ለምነን አቋርጠን፣ የወጣውን ካልወጣው ለይተን፣ ሁሉም ተቆጥቶ ነበር። «ኤልፒስታት ሰረዝ ኦ» አልኩ፣ የእሳቸው ሥራ ቁጥር ወጣ። ከዚያ ኤልፒ፣ ሰረዝ አይ፣ የሥራው ቁጥር፣ ሰረዝ ኪው፣ 100። እያንዳንዱ ሥራ ሲገባ 50 ይይዛል፣ 100 ከፍተኛው ነው። የተጀመረው ቅጂ እስኪያልቅ ጠበቅን፣ የእሳቸው ቀጥሎ ወጣ፣ ከዚያ የተማሪው ሁለተኛ ቅጂ ቀጠለ። ተማሪው ምንም አልጎደለበትም። «አባባ፣ ደረሰልዎት» ስላቸው ወረቀቱን ሁለቴ አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱና «ዕድሜ ይስጥህ» ብለው ወጡ። ለእኔ የአንድ ዕቃ ጥሩነት እዚህ ጋ ነው የሚታየው።

ሌላም አለ። ቶነር መሐል ላይ ካለቀ የቀረውን ሥራ በሙሉ በኤልፒሙቭ ወደ ሁለተኛው ፕሪንተር ማዛወር ይቻላል። እንደገና መላክ የለም። ገጽ መርጦ ማውጣት በሰረዝ ፒ ነው፣ በትልቁ። ሁለት ፊት ማተም በሳይድስ ነው። ሁሉንም ለመሰረዝ ካንስል ሰረዝ ኤ፣ ግን ተጠንቀቁ፣ የሌላውንም ሰው ሥራ ይዞ ነው የሚሄደው።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ። መብራት ሲጠፋ ያልወጡት ሥራዎች ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲነሳ ይቀጥላሉ። ደስ ይላል። ነገር ግን መሐል ላይ የነበረው ሥራ የሚቀጥለው ከቆመበት ገጽ አይደለም፣ ከአንድ ነው የሚጀምረው። 80 ገጽ ወጥቶ መብራት ከጠፋ፣ ሲመጣ እንደገና ከገጽ አንድ። በወረቀት ዋጋ ይህ ያማል። የወጣውን ቆጥረን፣ መብራቱ እንደመጣ ያንን ሥራ ሰርዘን የቀረውን ገጽ ብቻ እንልካለን። መፍጠን ይጠይቃል። ለሰርቨሩና ለስዊቹ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) አድርገናል፣ ያ ረድቷል። ፕሪንተሩን ግን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ሌዘር ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብዙ ነው፣ ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ሁለተኛው ቅሬታ አሮጌው የዩኤስቢ ፕሪንተር ነው። ይህ የካፕስ ጥፋት ነው ለማለት አልደፍርም፣ ግን ዋጋውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። አንዳንድ ርካሽ ሌዘሮች የራሳቸው ጭንቅላት የላቸውም፣ በበሩ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ፈርምዌር፣ ማለትም የሚሠሩበትን ፕሮግራም፣ መቀበል አለባቸው። ኤቭሪዌር የሚባለው ነገር ለእነሱ አይሠራም። የአምራቹን ፕለጊን ፈልጎ ማውረድ አለ፣ ሥሪቱ ከተጫነው ጋር ካልገጠመ አይቀበልም፣ ሁለት ማታ አምሽቼበታለሁ። አሁን ይሠራል፣ ግን ዴቢያንን ባዘመንኩ ቁጥር እሱን ነው የምፈራው። ከኔትወርኩ ፕሪንተር ጋር ሲተያይ ሰማይና ምድር ነው።

አማርኛችን እንዴት ነው ለምትሉ። ከዊንዶውስ የሚላከው ፊደሉን ይዞ ስለሚመጣ አንዳች ችግር የለውም፣ እንደ ድሮው ነው የሚወጣው። ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ያለን ፋይል በቀጥታ በኤልፒ ስትልኩ ነው። ካፕስ የዎርድ ፋይል አያውቅም። ፒዲኤፍ ያውቃል። ስለዚህ ሊብሬኦፊስን ያለ መስኮት ወደ ፒዲኤፍ እንዲቀይር አዝዤ ከዚያ ነው የምልከው። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ሰርቨሩ ላይ መኖር አለበት፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል በዴቢያን ማከማቻ ውስጥ አለ፣ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ያለ እሱ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ነው የምታዩት። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ደግሞ የተለየ ነገር ናቸው፣ የእድር ደንብና የድሮ ውል አብዛኛው በእነሱ ነው የሚመጣው። እነሱ ፎንታቸው ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። እነዚያን ሁልጊዜ ዊንዶውሱ ላይ ከፍቼ ነው የማወጣቸው፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ስለ ገጽ ቆጠራ ደንበኞቻችን ይጠይቁኛል፣ በተለይ ሱቅ ያላቸው። ካፕስ ማን ስንት ገጽ እንዳወጣ የሚመዘግብበት ፔጅ ሎግ የሚባል ፋይል አለው፣ ነገር ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ አጻጻፉን ራሳችሁ አስገብታችሁ ነው የምትከፍቱት። ከፍቼዋለሁ። የቀኑን ግምት ይሰጠኛል። ለሒሳብ ግን አሁንም የማምነው በእጅ የምንይዘውን ደብተር ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ የማልጠብቀው ጥቅም አገኘሁበት። ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ሱቅ ውስጥ ይገባል፣ ወረቀቱ እርጥበት ይይዝና ይጠቀለላል፣ ፕሪንተሩም ይነክሰዋል። ድሮ ፕሪንተሩ ጓዳ ስለሆነ መቆሙን የምናውቀው ደንበኛው «አልወጣም እንዴ?» ሲል ነበር። አሁን ፊት ለፊት ካለው ኮምፒውተር «ኤልፒስታት ሰረዝ ኤል ሰረዝ ፒ» ስንል ወረቀት መያዙን፣ ወረቀት ማለቁን ወይም ቶነር ማነሱን ለይቶ ይነግረናል። ቶነር ማነሱን ቀድሞ ማወቅ እንደ እኛ ላለ ሱቅ ትልቅ ነገር ነው፣ ያለቀ ዕለት እዚሁ ከተማ ላይገኝ ይችላላ።

ስለ ደኅንነት አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ፣ በዚህ አትቀልዱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ካፕስ አካባቢ ተያያዥ ክፍተቶች ተገኝተው ይፋ ሆነው ነበር። ዋናው በር ካፕስ ብራውዝድ የሚባለው ነው፣ ኔትወርክ ላይ ያሉ ፕሪንተሮችን በራሱ እየፈለገ የሚጨምረው። ክፉ ሰው የሐሰት ፕሪንተር አስመዝግቦ ሥራ ሲላክበት የፈለገውን ፕሮግራም ማስኬድ ይችል ነበር። ታርሟል፣ ስለዚህ ማሽናችሁን አዘምኑ። ግን ከዚያም በላይ፣ አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ፕሪንተር ካስገባችሁ ያ ነገር ጭራሽ አያስፈልጋችሁም። እኔ ሲስተምሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ አጥፍቼዋለሁ፣ አንድም የጎደለብኝ ነገር የለም። 631ን ደግሞ በራውተሩ በኩል ወደ ውጭ ኢንተርኔት በፍጹም አትክፈቱ። ለደንበኛ የምትሰጡት ዋይፋይ ካለም ከፕሪንተሩ ኔትወርክ ለዩት።

ታዲያ ለማን ነው? አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ብቻ ላላችሁ አያስፈልጋችሁም፣ ገመዱን ሰክታችሁ ሥሩ። ሁለትና ከዚያ በላይ ኮምፒውተር ላለው ሱቅ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለትንሽ ቢሮ፣ አንድ አሮጌ ማሽንና አንድ ትዕግሥት ያለው ሰው ካለ፣ ያለ ማመንታት አድርጉት እላለሁ። መጀመሪያ ያቆምኩበት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ወስዶብኛል። ያንን ግን በሰኔው ወር ብቻ መልሼ አግኝቼዋለሁ።

አሁን ግድግዳው ላይ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ትእዛዞቹ በላቲን፣ ከሥራቸው ለምን እንደሆኑ በአማርኛ። እኔ የጻፍኳቸው ሰባት ናቸው። ስምንተኛው በእህቴ ልጅ እጅ ነው፣ መብራት ሲመጣ የቀረውን ገጽ ብቻ የምትልክበት፣ ራሷ ሞክራ ያገኘችው። አሮጌውን የዩኤስቢ ፕሪንተር ደግሞ ልንቀይረው ነው። ሻጩን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኔትወርክ ገመድ ይቀበላል ወይ፣ አይፒፒ ወይም ኤርፕሪንት (ያለ ድራይቨር የሚያሳትም የአፕል ዘዴ) ያውቃል ወይ? ሳጥኑ ላይ ከሁለቱ አንዱ ካልተጻፈ በስተቀር፣ ምንም ያህል ቢረክስ አልገዛውም።